ድግስ ለሌለው ሰርግ የትኛው ወር ይሻላል? የ38 መልሶች ወግ

ጥያቄው ኢንተርኔት ላይ የተለጠፈው ሰኔ መግቢያ ላይ፣ እሁድ ማታ ነው። ጠያቂዋ አዲስ አበባ የምትኖር ልጅ ናት። አዳራሽ የለም፣ ዲኮር የለም፣ ሚዜ የለም፣ ጥሩምባ እየነፋ የሚያጅብ መኪና የለም። እሷና እጮኛዋ ብቻ ከከተማ ወጣ ብለው፣ ሐይቅ ዳር ወይም ተራራ ላይ ቃል ሊገባቡ ነው። ቤተሰብ ያውቃል። ቦታው ወንጪ ወይም እንጦጦ ይሆናል፣ ገና አልቆረጡም። ጥያቄዋ አጭር ነው፤ በየትኛው ወር ይሁን? ዝናብ አትፈልግም። አቧራም አትፈልግም። አደይ አበባ ቢኖርበት ግን አትጠላም።

ልተኛ ስል አምስት ሰው መልሶላት ነበር። ጠዋት ስነሳ 19 ደርሷል። አሁን 38 ላይ ቆሟል። ሁሉን ለማንበብ ጊዜ ለሌላችሁ ላሳጥርላችሁ ብዬ ነው። እኔም መሀል ላይ ዘልዬ ገብቼ ታርሜያለሁ፤ እሱንም አልደብቅም።

1ኛው መልስ አንድ ቃል ነው፤ ጥር። ምክንያት አልጻፈም። 2ኛው ደገፈው። አገሩ ሁሉ የሚያገባው ጥር ነው፣ ጥምቀት እንዳለፈ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ አለ፣ ከዚያ የተሻለ የሰርግ ቀን ከየት ይመጣል ባይ ነው። 3ኛው ወሩን ትቶ ልጅቷን ያዘ። ሁለት ሰው ተደብቆ የሚያደርገው ነገር ሰርግ አይባልም፣ ኩብለላ ነው፣ እናት ልጇን ሳትድር እንዴት ይሆናል ብሎ ተቆጣ። ቃለ አጋኖውን ቆጥሬዋለሁ፣ ሰባት ነው።

4ኛዋ ረጋ ብላ አረመችው። ኮበለለች የሚባለው ቤተሰብ ሳያውቅ የጠፋች ልጅ ናት፤ ይቺ ግን ቤተሰብ ያውቃል ብላ ጽፋለች፣ ከላይ ተመልሰህ አንብብ አለችው። 5ኛው ነገሩን ለማስታረቅ ፈልጎ ይመስለኛል፣ ድሮም ጠለፋ ነበረ ብሎ ጣልቃ ገባ። ይሄ ምንም አልጠቀመም። ጠለፋ በወንጀል ሕጉ የሚያስቀጣ ነገር መሆኑን ሦስት ሰዎች ተከታትለው ከስሩ ነገሩት። መልሱን ከዚያ በኋላ አጠፋው፣ ቁጥሩ ብቻ ቀርቷል።

6ኛው የኔ ነው። እኔም ጥር አልኩ። ሰማዩ የጠራ ነው፣ ዝናብ የለም፣ መንገዱ ደረቅ ነው ብዬ በሙሉ ልብ ጻፍኩ።

7ኛው ፎቶ አንሺ ነው፤ አሥር ዓመት ሰርግ ሲያነሳ ኖሯል። ስሜን ሳይጠራ፣ ጥርን የሚመክሩ ሰዎች ካሜራ ይዘው ሜዳ ወጥተው አያውቁም ብሎ ጀመረ። በጥር ሣሩ ደርቆ ቡናማ ይሆናል። ማሳው ታጭዶ ቃርሚያ ብቻ ይቀራል። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳና አቧራው ከአድማስ እስከ ቀሚስ ጫፍ ድረስ ይገባል። ከሩቅ ያለው ተራራ እንደ ጢስ ሆኖ ነው የሚወጣው። ክረምቱ አጥቦት የሄደው ሰማይ የሚታየው ጥቅምት ላይ ነው፤ ወንጪን ከአፋፉ ቁልቁል ብታነሳው ውኃውና አረንጓዴው የሚለይልህ ያኔ ነው አለ። ጥርን የሚመክሩ ያለው እኔን መሆኑ ነው።

ቀጥሎ የጻፈው ደግሞ ለኔ አዲስ ነበር። እኛ አገር ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ለብርሃን ሲባል ወር መምረጥ ከንቱ ነው ይላል። የሚመረጠው ሰዓት ነው። ወይ ከጠዋቱ 12 ተኩል እስከ 2 ተኩል፣ ወይ ከ10 ተኩል በኋላ ፀሐይ እስክትጠልቅ። በ6 ሰዓት የሚነሳ ሙሽራ ዓይኑ ጥቁር ጉድጓድ ሆኖ ይወጣል። ይሄን ከጻፈ በኋላ 8ኛው ዋጋህ ስንት ነው ብሎ ጠየቀው፤ በውስጥ መስመር ተነጋገሩ መሰለኝ፣ ከዚያ በኋላ 8ኛው አልታየም።

9ኛዋ የደብረ ብርሃን ሰው ናት። ጥቅምትን እንዲህ የምታሞግሱ ሰዎች ብርድ የሚባል ነገር ረስታችኋል ወይ አለች። በጥቅምት አንድ አጥንት የተባለው ለቀልድ አይደለም። እሷ አገር ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሮ ያድራል፣ ባቄላው በአንድ ሌሊት ይመታል። እንጦጦም የወንጪ አፋፍም 3,000 ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ናቸው፣ ስለዚህ ክንድ የሚያሳይ ቀሚስ ያሰበች ካለች አሁኑኑ ትተወው ብላ መከረች።

10ኛዋ ያንን ስታነብ የራሷን ቀን አስታወሰች፤ ከሁሉም መልስ የወደድኩት እሱን ነው። ከአራት ዓመት በፊት ኅዳር መጀመሪያ ላይ፣ ጎህ ሳይቀድ እንጦጦ ወጡ። ፎቶ አንሺው ለማለዳ ብርሃን ብሎ ነው ያስወጣቸው። ባሏ ቃሉን በወረቀት ጽፎ ይዞ ነበር፣ እጁ ተንቀጥቅጦ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ጣለው። እሷ ጥርሷ እየተፋጨ ተራዋ ሲደርስ ስሙን ብቻ ነው የተናገረችው፣ የቀረውን መጨረስ አቃታት። ከባህር ዛፉ መሀል እንጨት የተሸከሙ እናት ብቅ አሉ። ቆም ብለው አዩዋቸው። ሸክማቸውን አውርደው፣ የራሳቸውን ጋቢ ከትከሻቸው ገፈው ቀሚሷ ላይ ደረቡላት፣ ሁለቱንም መረቁ። አሜን ያሉት እነሱ፣ ሹፌሩና ፎቶ አንሺው ናቸው። ቤቷ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፎቶ ቀሚሱ የማይታይበት፣ አመዳም ጋቢ የለበሰችበት ነው። ሦስት ወር ያሰፋችው ቀሚስ!

ይሄን አንብቦ ዝም ማለት የሚችል ያለ አይመስለኝም ነበር፤ 11ኛው ግን ቻለ። ወደ አደይ መለሰን። አበባ ከተፈለገ መስከረም እንጂ ሌላ ወር የለም፣ ጥቅምት እየገፋ ሲሄድ አደይ ይረግፋል፣ ስለዚህ ልጅቷ ሁለቱንም አታገኝም ብሎ ደመደመ።

12ኛዋ መስከረምን ሞክራዋለች። እሷና ባሏ መስከረም 8 ቀን ወንጪ ሄዱ። ከአዲስ አበባ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በአምቦና በወሊሶ መካከል። ሲነሱ ሰማዩ መስታወት ነበር። ከአፋፉ ወደ ሐይቁ በፈረስ መውረድ ሲጀምሩ ደመናው መጣ። የፈረሱ ልጓም ያዥ ልጅ ሰማዩን አንዴ አየት አድርጎ ጫማሽን አውልቂ አላት። ተረከዘ ረጅም ነበር ያደረገችው። አላወለቀችም። ከፈረሱ ስትወርድ ግራ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ውስጥ ገባ፣ እግሯ ወጣ፣ ጫማው ቀረ። ልጁ ሲቆፍር ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም። ከዚያ ከአንድ ገበሬ ቦት ጫማ ተውሳ ነው ቃል የገባችው። በኋላም ለማስታወሻ አዲስ ቦት ገዛች፣ አሁንም አልጋ ስር አለ። አደዩ ግን እውነትም አፋፉን ሁሉ ቢጫ አድርጎት ነበር፣ አልዋሽም ብላለች። ምክሯ ከጭቃውም ከአደዩም የወጣ ነው፤ መስከረም ከሆነ ማለዳ ይሁን፣ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው፣ ተረከዝ ደግሞ ቤት ይቅር።

13ኛው ያላሰብነውን አነሳ። መስከረም 17 መስቀል ነው፣ ከመስቀል በኋላ ባለው ሰሞን ደግሞ ኢሬቻ አለ። ቢሾፍቱ ያሰበ ሰው ሆራ ሐይቅ አካባቢ ስንት ሕዝብ እንደሚወጣ ይወቅ፣ መንገድም ሆቴልም አያገኝም። ብቻችንን እንሁን ብሎ የወጣ ጥንድ መሀሉ ሲገባ ምን እንደሚሆን አስቡት አለ። በበዓሉ ሊሄድ ለፈለገ ግን እንዲያውም ጥሩ ነው ብሎ ጨመረ።

ከዚህ በኋላ ክሩ ተበጠሰ። 11ኛው መስከረምን ፀደይ ብሎ ጠርቶት ኖሯል፤ 14ኛው እሱን ነው የያዘው። በባሕረ ሐሳብ ቆጠራ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው ነው፣ ፀደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው፣ መስከረም መባቻ ገና ክረምት ውስጥ ነው ብሎ አብራራ። 15ኛው ሜትዎሮሎጂ ወቅቱን በሦስት ነው የሚከፍለው፣ ክረምት፣ በጋና በልግ፣ ሌላው ተረት ነው አለ። 16ኛው ተረት የሚለው ቃል ከነከነው። 17ኛው ከ16ኛው ጋር ተሰዳደበ። 18ኛው ሰርጉን የምታደርጉት በግዕዝ ነው ወይ ብሎ አላገጠባቸው። ልጅቷ ይሄን ሁሉ ማንበቧን እንጃ። የ14ኛው ቆጠራ ግን ልክ ነው፤ ብዙዎቻችን ፀደይና መፀውን እናምታታለን።

19ኛዋ ውይይቱን ወደ መስመር መለሰችው። ወር መምረጥ በዝናብ ብቻ አያልቅም አለች፣ ጾም አለ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባና እስከ ገና ይዘልቃል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ቀኑ ደግሞ በየዓመቱ ይንሸራተታል። በ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4 ዋለ፣ በ2019 ሚያዝያ 24 ነው የሚውለው። ስለዚህ በ2018 በሚያዝያ አጋማሽ፣ በዳግም ትንሣኤ አገባን የሚሉ ሰዎችን ምክር ዝም ብሎ የቀዳ ሰው፣ በ2019 በዚያው ቀን ጾም መሀል ይገኛል። ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ አለ። ይሄን ሁሉ ከዝናቡ ጋር ደርባ ስታየው የሚቀራት ንጹሕ ክፍተት ከጥቅምት መግቢያ እስከ ኅዳር 14 ያለው ነው። መሬቱ አረንጓዴ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ጾም የሌለበት። እኔ እንደ ገባኝ የጥያቄው መልስ እዚህ ጋ አልቆ ነበር።

አላለቀም። 20ኛው የጽጌን ጾም የት አደረግሽው ብሎ ተነሳ፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ነው። አነጋገሩ ሃይማኖቷን የሚጠራጠር ነበር። እሷ ራሷ 21ኛ ሆና መለሰች፤ ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፣ ከሰባቱ አጽዋማት አይቆጠርም፣ የሚጾም ይጹም፣ ይሄን ሳላውቅ የጻፍኩ እንዳይመስልህ አለችው። 22ኛው ሰው ሁሉ አይጾምም፣ ልጅቷ ኦርቶዶክስ መሆኗን ማን ነገራችሁ ብሎ ቆጣ አለ። ልክ ነው፣ አልጠየቅናትም። 23ኛዋ ሙስሊም ናት። በጣም በትህትና፣ ረመዳን በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ ስለሚመጣ እነሱ ቤት ሰርግ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚወጣው የቀን መቁጠሪያው እንደሆነ ጻፈች። ራስሽ ባትጾሚም አብረውሽ የሚመጡትን ሰዎች ጠይቂ፣ የጾመ ሰው ዳገት አታስወጪ ስትል መከረች።

አብረውሽ የሚመጡት የሚለው ነው 24ኛውን የጠራው። የሕግ ባለሙያ ሳይሆን አይቀርም፣ አንቀጽ እየጠራ ነው የሚጽፈው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚፈጸም ጋብቻ ለሙሽራውም ለሙሽራዋም ሁለት ሁለት ምስክር ይፈልጋል። በጠቅላላው አራት ሰው። ደግሞ ካሰባችሁት ቀን ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ማሳወቅ አለባችሁ። ከሁለት አንዳችሁ ወይም የቅርብ ዘመዳችሁ በዚያ ቦታ ስድስት ወር የኖረ መሆን አለበት፣ ስለዚህ ወንጪ ሄደን እዚያው እንፈራረማለን ማለት አይሠራም። ወረዳችሁ ላይ ፈርሙ፣ ሐይቁ ዳር የምታደርጉት የልባችሁን ነው አለ።

25ኛው ሒሳቡን ሠራ። ሁለት ሰው ነበር የተባለው። አራት ምስክር፣ ስድስት። ፎቶ አንሺ፣ ሰባት። ሹፌር፣ ስምንት። ፈረስ ጎታቹን ጨምሩ። ይሄ ሰርግ ነው፣ የቀረው በሬ ማረድ ብቻ ነው። 26ኛው ድሮ ሰማንያ ሲፈራረሙ የነበረውን የሽማግሌ ብዛት አነሳ። 27ኛው ምስክሮቹ ምሳ ይበላሉ ወይስ አይበሉም የሚል ጥያቄ አመጣ፤ መልስ አልተሰጠውም። እኔ ግን ይበላሉ እላለሁ።

28ኛዋ የምትኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። እዚያ ሐበሻ ብዙ ነው። የእነሱ ግዛት ሕግ ጥንዶች ራሳቸው ራሳቸውን እንዲያጋቡ ይፈቅዳል፤ ቄስም፣ ዳኛም፣ ምስክርም አያስፈልግም። ፈቃዱን ወስደህ በ35 ቀን ውስጥ ትፈርምበታለህ፣ መልሰህ ታስገባለህ፣ አለቀ። እሷና ባሏ በፈረንጆቹ መስከረም መጨረሻ፣ አስፐን የሚባለው ዛፍ ቅጠሉ ወርቅ ሲሆን፣ ተራራ ላይ ወጥተው ተጋቡ። ሐምሌ አይሆንም፣ ከሰዓት በኋላ መብረቅ አለ፣ ቀትር ሳይሞላ ከጫፍ መውረድ ግድ ነው። ግንቦት ላይም በረዶ ይጥላል። ያው አደይ አማረኝ፣ አገሬ በቢጫው ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ ብላ ዘጋች።

29ኛው ስለ አሜሪካ ማን ጠየቀሽ አለ። እንዲሁ፣ ደረቅ አድርጎ። 30ኛዋ ለ28ኛዋ ጥብቅና ቆማ ሌላ ወሬ ጨመረችበት፤ እዚያው ኮሎራዶ ውሻቸውን መዳፉን ቀለም ነክረው በፈቃዱ ወረቀት ላይ ያስፈረሙ ጥንዶች አሉ። 31ኛው ስድሳ ዓመት ያለፋቸው አባት ናቸው፣ ራሳቸው ነው የገለጹት። እኔ ስዳር ለምስክርነት የቆመው ሰው የክርስትና አባቴ ነበር፣ ዛሬ ውሻ ሆነ ወይ ብለው ጻፉ። መሳቃቸው ይሁን ማዘናቸው አልገባኝም። ስምንት ሰው ልብ ሰጥቷቸዋል።

32ኛዋ ጠያቂዋ ናት። ከእሁድ ወዲህ ዝም ብላ ነበር። ሁሉንም አመሰገነች። ከዚያ ለምን ድግስ እንደሌለ ነገረችን፤ አባቷ ባለፈው ጥር ነው ያረፉት። ከማረፋቸው ሦስት ሳምንት በፊት ታመው አልጋ ላይ ሆነው ሽማግሌ ተቀብለው፣ ልጄን ሰጥቻለሁ ብለው መርቀዋል። ዓመት ሳይሞላ ቤቱ ውስጥ እልልታ አይሰማም። እናቷ ግን አባትሽ የመረቀው ነገር አይደር፣ ዝም ብላችሁ ፈጽሙት አሏት። ጥር የማይሆነው ለዚህ ነው፤ ሙት ዓመቱ ይውላል። ሁላችንም ጥር ጥር ስንላት ምን እንደተሰማት አልጻፈችም።

33ኛው መልስ የዚያ የ3ኛው ሰውዬ ነው፣ የባለ ሰባት ቃለ አጋኖው። ነፍስ ይማር ብሎ ጻፈ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

34ኛው የአርባ ምንጭ ልጅ ነው፣ ጥቅምት ጥቅምት የምትሉት ለደገኛው ነው፣ እኛ ጋ በጥቅምትም ዝናብ አለ፣ ትልቁ ደግሞ ሚያዝያና ግንቦት ነው ብሎ አስተካከለ። ነጭ ሣር ፓርክ ወይም ጫሞ ሐይቅ ዳር ላሰበ ሰው ታኅሣሥና ጥር ይሻላል። ተገቢ እርማት ነው፣ አንድ አገር አንድ ሰማይ የለውም፤ 19ኛዋም ተቀብላዋለች። 35ኛው ጳጉሜ 3ን መከረ። ሩፋኤል ነው፣ ዝናቡ ጸበል ነው፣ ቢዘንብ ተባረክን፣ ባይዘንብ አመለጥን አለ። ስቄያለሁ። አያቴ ድስት የላሰች ልጅ ሰርጓ ይዘንባል ትለን ነበር፤ እሱን ልጽፍ ፈልጌ ተውኩት፣ አንዴ ታርሜያለሁና።

36ኛዋ እንደገና ጠያቂዋ ናት። ወስነዋል። ወንጪ፣ የጥቅምት መጨረሻ፣ ከሳምንቱ መሀል ባለ ቀን፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት። ዋዜማውን ወሊሶ ያድራሉ። ወረዳ ላይ ከዚያ በፊት ይፈርማሉ፣ ከሁለቱ ምስክሮቿ አንዷ እናቷ ናቸው። አደዩ ካለ አለ፣ ከረገፈም ረገፈ ብላለች። ጋቢ በሻንጣ ይያዛል፤ የአባቷ ነው።

37ኛው ፎቶ አንሺው ነው፣ ስለ መንገዱ ሰላም ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ቀን የአካባቢውን ሰው ደውላችሁ ጠይቁ፣ ድሮን ያለ ፈቃድ እንዳታስነሱ ብሎ አስጠነቀቀ። ዋጋውን ግን በአደባባይ አልተናገረም።

38ኛዋ ያቺ ጭቃ ውስጥ ጫማዋ የቀረባት ናት። ጥቅምትም ቢሆን ወደ ሐይቁ መውረጃው ጥላው ስር አይደርቅም ብላለች። ቦቱ 38 ቁጥር ነው፣ አንድ ጊዜ ነው የተደረገው። እግርሽ ስንት ነው ብላ ጠይቃታለች፤ ይሄን ስጽፍ መልስ ገና አልመጣም።